ደጋፊው ለልጆች ምን ይዞ ይግባ?

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክን የመታው ርዕደ መሬት የጀመረው ሊነጋ ሲል፣ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር 4:17 ላይ ነበር። በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ የካቲት 19፣ የእግር ኳስ ክለቡ ቤሺክታሽ ኢስታንቡል ላይ አንታልያስፖርን አስተናገደ። ጨዋታው በተጀመረ በ4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ቆመ። ከዚያ ከየአቅጣጫው አሻንጉሊት ይዘንብ ጀመር። ድብ፣ ጥንቸል፣ ስካርፍ፣ የብርድ ኮፍያ። የሜዳው ዳር በሙሉ ተሸፈነ። ሁሉም አደጋው ለደረሰባቸው ልጆች የሚላክ ነበር።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አሁንም ሳየው ሆዴ ይባባል።

ሆላንድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እኛ የ2009ን እንቁጣጣሽ ባከበርንበት እሁድ፣ የአዶ ዴን ሃግ ደጋፊዎች ሮተርዳም ላይ ከፌይኖርድ ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ላይኛው ትሪቡን ላይ ነበሩ። ከእነሱ በታች የተቀመጡት ከከተማው ሶፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የመጡ ልጆች ናቸው። ከላይ ትሪቡን ወደ ታች ብዙ ጊዜ ምን እንደሚወረወር ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። የዚያን ቀን የወረደው ግን አሻንጉሊት ነው። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ይቀልቡ ነበር። የተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊ፣ በተቀናቃኙ ሜዳ!

እነዚህ ሁለቱ ልብ ይነካሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ካሜራ የማይከተለው የሊቨርፑል ከተማ ሥራ ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ፣ የኤቨርተንና የሊቨርፑል ደጋፊዎች አንድ ላይ ሆነው ለችግረኛ ቤተሰቦች ምግብ መሰብሰብ ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሜዳቸው ጨዋታ ባለ ቁጥር ስታዲየሙ ደጅ ላይ ይቆማሉ። ደጋፊው ፓስታውን፣ የታሸገ ምግቡን፣ ያለውን አስቀምጦ ይገባል። መፈክራቸው «ረሃብ የክለብ ማሊያ አይለብስም» የሚል ነው። ልጅ የሚርበው በበዓል ቀን ብቻ አይደለምና፣ ሥራው ከጨዋታው ፕሮግራም ጋር አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው ወደ ራሳችን የምመጣው። በበዓል ሰሞን የሕፃናት ማሳደጊያ ሄደው ማዕድ የሚያጋሩ ደጋፊዎች አሉን። የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ነን ብለው የተሰባሰቡ ወጣቶችም እንዲሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን በዓሉ ካለፈ በኋላስ?

አቅሙ እኮ አለ። ደጋፊዎቻችን ክፍለ ሀገር ድረስ አውቶብስ ተከራይተው ይሄዳሉ፣ ማሊያ አሳትመው ይሸጣሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ። አንድ ሰው በስልክ ጥሪ ብቻ መቶ ሰው የሚያንቀሳቅስበት ቦታ እንደ ደጋፊ ማኅበር የለም።

አንድ ነገር ግን ይቅር። ልጆችን ባነር ፊት አሰልፎ፣ ደብተር በእጃቸው አስይዞ ፎቶ ማንሳት። ያ ልጅ ነገ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹ ፎቶውን በቴሌግራም አይተውታል። ደብተሩን ስላገኘ ደስ ብሎታል፤ መቸገሩን ሰፈር ሁሉ እንዲያውቅለት ግን አልጠየቀም። ፎቶ ካስፈለገ የተከመረውን ደብተር አንሱ።

እና ከየት ይጀመር? እኔ ብጠየቅ ከትምህርት መክፈቻ እላለሁ። ከመስከረም ጀምሮ በየሜዳው ጨዋታ፣ በሩ ላይ ካርቶን ይቀመጥ። ደጋፊው ከትኬቱ ጋር አንድ ደብተር ወይም ሁለት እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ። ቡናውም ጊዮርጊሱም እዚያው ካርቶን ውስጥ ያስቀምጥ። የተሰበሰበው ስታዲየሙ አጠገብ ላለው ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ ለማን እንደሚያስፈልግ ከአስተማሪዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እነሱ በቢሯቸው በኩል ያድሉት። ደብተሩ ሲበቃ ቀጣዩ ወር የጫማ ይሁን። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የሹራብ።