የ37 ሳንቲም ሙግት

ነገሩ የተነሣው በ2025 ኅዳር ወር፣ ታንክስጊቪንግ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ቡና በምንጠጣበት ቤት ነው። አራት ነበርን፦ ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጃችን፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሐበሻውን ታክስ ሲሞላ የሚያመሽ ሌላ ወዳጃችን፣ በአንድ ትልቅ መደብር ካሸር ሆነው 11 ዓመት የሠሩ አንዲት እናት፣ አራተኛው እኔ። ሾፌሩ በቀጥታ ከገበያ ነበር የመጣው፤ ሁለት ፌስታል ወንበሩ ሥር አስቀመጠና ቡና እንኳ ሳያዝ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እስቲ ይህን እዩልኝ» አለ። ሂሳቡ 46 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነው። ካርዱን ሲያስገባ ማሽኑ፣ ሂሳቡን 47 ዶላር ሞልቶ 37 ሳንቲሟን ለታመሙ ሕፃናት ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀው፤ እሱም አልሰጥም የሚለውን ነክቶ ወጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ምንም ባላለው ነበር፤ አልሰጥም ማለት የሰው መብት ነው። እሱ ግን አለመስጠቱ አልበቃ ብሎት አለመስጠቱን እንደ ጀብዱ ሊያወራልን ፈለገ።

«እነዚህ ሰዎች ሞኝ አድርገውናል» ብሎ ጀመረ። «እኔ 37 ሳንቲም እሰጣለሁ፤ እነሱ የሚሊዮን ሰው 37 ሳንቲም ሰብስበው በራሳቸው ስም ሰጠን ይሉና ከታክሳቸው ያስቀንሱበታል። የቢሊየነር ታክስ የምከፍልለት እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይህን ከየት እንዳገኘው ብንጠይቀው ስልኩን አንሥቶ አሳየን። የዛሬ ሊቅ ምስክር ሲጠየቅ የሚያነሣው ስልኩን ነው።

ካሸሯ እናት ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሾፌሩም «እትዬ፣ ጥያቄው ሎሚው ለማን ይጨመቃል የሚለው ነው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

የታክሱን ጉዳይ የመለሰለት ባለሙያው ነው፤ እኔም ብዙ ሰው በዚህ ወሬ ሲታለል ስላየሁ ያለውን ሳላሳጥር ባስቀምጠው ይሻላል። መደብሩ ከደንበኛው የሚቀበላት ሳንቲም ገቢው አይደለችም። ከሰጪው ተቀብሎ ለተቀባዩ እስኪያደርስ ድረስ እንደ እድር ገንዘብ ያዥ አደራ ይዟል ማለት ነው፤ ገቢህ ያልሆነውን ገንዘብ ደግሞ ከገቢህ ላይ ልታስቀንሰው አትችልም። ኩባንያው የሚያስቀንሰው ከራሱ ኪስ አውጥቶ የሰጠውን ነው። የ37 ሳንቲሟን ተቀናሽ የመጠየቅ መብት የሰጪው ነው፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፋ የምትወጣውም ለዚህ ነው። እርግጥ ከ2018 ጀምሮ ለሁሉም በጅምላ የሚፈቀደው ተቀናሽ በእጥፍ ገደማ ስላደገ፣ ከአሥር ታክስ ከፋይ ዘጠኙ ያህል ስጦታውን መዝግቦ አያስቀንስም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ሳንቲም የሚጠቀም ታክስ ከፋይ የለም፣ ሀብታምም ቢሆን ድሃ። «ከ2026 ጀምሮ ግን» አለ ባለሙያው፣ «በጅምላ የሚያስቀንሰውም ሰው ቢሆን በጥሬ ገንዘብ የሰጠውን እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላል። ያኔ የሰጠህበትን ደረሰኝ አትጣለው፤ በዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይዘህልኝ ና።»

ሾፌሩ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ስህተቱን አምኖ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌላ ምክንያት እየፈለገ ኖሯል። አንድ ትልቅ የመድኃኒት መደብር በ2022 በዚሁ ጉዳይ መከሰሱን አነሣ። ባለሙያው ክሱን ያውቀዋል፤ ኩባንያው እኔ እሰጣለሁ ብሎ ቃል የገባውን 10 ሚሊዮን ዶላር በደንበኞቹ ሳንቲም ሸፈነ የሚል ነበር፤ ኩባንያውም አስተባብሏል። የክሱ ፍሬ ነገር ታክስ አይደለም። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ወደ ፔኒ፣ ወደ ባለ አንድ ሳንቲሟ፣ ዞረ። «የመጨረሻዋ ፔኒ በዚህ ወር በ12 ፊላደልፊያ ውስጥ ተመትታለች፤ አንዷን ለመሥራት ወደ 4 ሳንቲም ይፈጅባቸው ነበርና መንግሥት ራሱ ጥሏታል። ፔኒ ሞታለች፤ ተዝካሯን የማወጣው እኔ ነኝ?» አለ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ሳቅን፤ እናትዬውም ጭምር።

ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይኔ ወንበሩ ሥር ባሉት ፌስታሎች ላይ አረፈ። በእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ እስከ 2025 መጨረሻ በእያንዳንዱ ፌስታል 5 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ እሱም ለሁለቱ 10 ሳንቲም ሳይከራከር ከፍሏል። አዲስ አበባ ሳለ ባለሱቁ መልስ ጠፋ እያለ በሳንቲሙ ፋንታ ማስቲካ ሲያስይዘው ማስቲካውን እያላመጠ ወደ ቤቱ ይሄድ እንደነበር ራሱ አጫውቶናል። ሳንቲም የምትከብደው ለታመመ ልጅ ስትሆን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ እናትዬው ስለ ሥራቸው ይነግሩን ጀመር፤ እኔ ከዚያ ቅዳሜ በልቤ ይዤ የሄድኩት ይህን ነው። ድሮ ጥያቄውን የሚጠይቀው ማሽኑ አልነበረም፤ ካሸሩ ራሱ ነው በአፉ። አንድ ዶላር የሰጠ ሰው በፊኛ ቅርጽ የተቆረጠች ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና ወረቀቷ ከካሸሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ትለጠፍ ነበር። «በእንግሊዝኛዬ እያፈርኩ፣ ለሕፃናት ሆስፒታል አንድ ዶላር ይሰጣሉ ወይ እያልኩ በቀን ሁለት መቶ ሰው እጠይቃለሁ፤ ማናጀሩም ስንት ሰው እሺ እንዳለኝ በሺፍቱ መጨረሻ ይቆጥራል። እሺ የሚለው እሺ ይላል፤ እንቢ የሚለውም አመስግኖ ይሄዳል። የሚያስለቅሰኝ የሚሰብከኝ ነበር። ባለቤቱ ሀብታም አይደለም ወይ፣ ለምን እሱ አይሰጥም ብሎ ይጮኽብኛል። ባለቤቱን እኔ መቼ አይቼው አውቃለሁ? በሰዓት የምከፈል ሰው ነኝ።»

ደግሞ ሾፌሩ ብልጥ ቢሆን ኖሮ ሊይዘው የሚገባውን ክርክር ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። በዚያው በኅዳር መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት ተዘግቶ የምግብ ድጎማው በመዘግየቱ ካርዳቸው ባዶ የሆነ ሰዎች ዳቦና ወተት ብቻ ይዘው ይሰለፉ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ ሰው አይለይምና እነርሱንም ለድሆች ይሰጣሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «እንደዚያ ያለው ሰው ሲመጣ ጥያቄውን እኔው ቀድሜ በእጄ አልፈዋለሁ» አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ማሽኑ ሳይሆን ሰው የሚጠይቅበት ዘመን ይሻል ነበር ልል ቃጣኝ፤ ስድቡን የሚቀበሉት እሳቸው እንደነበሩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ስልኩ ላይ ሌላ ማስረጃ እየፈለገ ስለነበር አልሰማቸውም።

አንገቱን ቀና ሲያደርግ «እሺ፣ ገንዘቡ ግን በእርግጥ ይደርሳል?» አለ። እናትዬው የእርሳቸው መደብር በዚያ ሰሞን የሚሰበስበው ሜምፊስ ለሚገኘው ለሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል እንደሆነ ነገሩት። ሆስፒታሉ ከ1962 ጀምሮ ካንሰርና ሌላ ከባድ በሽታ የያዛቸውን ልጆች ያክማል፤ ለቤተሰባቸውም የክፍያ ሂሳብ አይልክም፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ሰሞን በየመደብሩ ዘመቻ ይካሄድለታል። ባለሙያውም በ2022 አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰቡ 77 እንዲህ ዓይነት የክፍያ ቦታ ዘመቻዎች በድምሩ ከ749 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘታቸውን ጨመረ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን ሰው ሁሉ ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በቁጥር ሲጻፍ ይህን ያክላል።

ሾፌሩ በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ አንዲት ቁም ነገር ነበረችና ላስቀርበት አልፈልግም። «ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳው ሰው ጌጥ ነው ካላችሁ፣ ጌጡን ያጌጠው ግን ቅርጫቱን የያዘው መደብር ነው፤ ትልቁን ቼክ ይዞ ፎቶ የሚነሣው እሱ ነው» አለ። እውነት ነው፤ ይነሣሉ። ልጁ የሚታከመው ግን በፎቶው አይደለም። ደግሞም ቅርጫቱን የያዘውን ሰው የጠላ እንደሆነ ሎሚውን በራሱ እጅ ማድረስ ማን ከለከለው? መደብሩ በር ላይ የሳልቬሽን አርሚዋ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ፣ ሴት ቀይ ድስቷን አንጠልጥላ ደወል ትደውላለች፤ ልማዱ ከ1891 ጀምሮ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለድሆች የገና ምሳ በድስት ገንዘብ ከተሰበሰበበት ጊዜ አንሥቶ አለ። ሾፌሩ በአጠገቧ የሚያልፈው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው። እኔ አንድ ሁለቴ ከኋላው ነበርኩ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ሆኜ ሂሳቡን ሠራሁት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ የሚወጣ ሰው በየጊዜው በአማካይ 50 ሳንቲም ቢሞላ በዓመት 52 ዶላር ይሰጣል ማለት ነው። ለራሱ ቤተ ሰብ ለአንድ ምሽት እራት የሚያወጣውን የማታህል ገንዘብ ናት። ታዲያ ሾፌሩ ስስታም ነው እንዳልል አልሆነልኝም፤ ስስታም አይደለምና። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የሆቴል አዳራሽ በተደረገ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ እጁን አውጥቶ 500 ዶላር ብሏል። ስሙ በማይክራፎን ተጠራ፤ እልል ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ ተነሥቶም እጅ ነሣ። ኮሚቴው በታክስ ምን እንደሚያተርፍ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምረው፣ ትልቁን ቼክ ይዞ ፎቶ የሚነሣው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቀም። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በውጭ ያለው ወገን በቀን አንድ ዶላር ያዋጣ ብለው ጥሪ ሲያደርጉም፣ ይህንኑ ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዶላር ምን አላት፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያለ ሲያስተምረን የነበረው እሱ ራሱ ነው። ተረቱን ከእናትዬው ቀድሜ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነበር።

በካርድ ማሽኑና በአዳራሹ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ማሽኑ ስም አይጠራም። ሙዳየ ምጽዋት ማለት እኮ እንዲህ ያለ ነገር ነበር። እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ሳንቲም ፈትተው በቀዳዳው ይጥሏትና ዘወር ይሉ ነበር፤ የጣሉት ስሙኒ ይሁን ብር፣ ከዲያቆኑም ከጎረቤቱም የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ደግሞ ስማችን ተጽፎ የማይወጣበትን ስጦታ እንደ ስርቆት የምንቆጥር ትውልድ ሆነናል። ለተቸገረ ሰው ጎፈንድሚ ሲከፈት መቶ ዶላር የሰጠ ሰው፣ ከእርሱ በላይ የሰጠው ማን እንደሆነ ሊያይ በቀን ሦስት ጊዜ ገጹን ይከፍታል። በቲክቶክ ላይቭ አንዱ የአንዱን ስም እየጠራ፣ የዚህ ወረዳ ልጆች የት አላችሁ፣ የዚያኛው በለጣችሁ እያለ ሰውን በእልህ ያስለግሳል። ለተራበ አንድ እንጀራ ሲሰጥ ሁለት ስልክ ይቀርጸዋል፤ የተራበውም ከመጉረሱ በፊት ወደ ካሜራው እንዲያመሰግን ይታዘዛል። ፈረንጁም ቢሆን በዚያች የፊኛ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍ ነበርና ከእኛ የተሻለ ነው አልልም፤ ግን ወረቀቷ ስትቀር እሱ መስጠቱን አልተወም። የእኛ ሰው ጭብጨባ የሌለበት ቦታ ሲደርስ በድንገት የታክስ ሕግ አዋቂ ይሆናል፤ ኦዲተር ይሆናል፤ የካፒታሊዝም ተቺ ይሆናል። እውቀቱ ሁሉ ኪሱን የምትዘጋ ቁልፍ ናት።

ይህን ሁሉ ለሾፌሩ በፊቱ አልነገርኩትም፤ ቡናውን የከፈለልን እሱ ነበር።

በሳምንቱ እናትዬው ወደሚሠሩበት መደብር ሄድኩ፤ ሌሎቹ ተራዎች አጭር ሳሉ ሆን ብዬ በእርሳቸው ሰልፍ ቆምኩ። ሂሳቤ 18 ዶላር ከ12 ሳንቲም መጣ። ማሽኑ 88 ሳንቲሟን ጠየቀኝና አዎ የሚለውን ነካሁ። ነክቼም ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ የተጣበቀ ፌስታል አፍ ሊከፍቱ ጣታቸውን እያረጠቡ ነበር።