ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አይበረርም
ስለ ማልዲቭስ የጻፍሽው ጽሑፍ ደስ ይላል። የሪዞርቱን ኑሮ ቁልጭ አድርገሽ ነው ያሳየሽን። ግን «በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት መብረር ይቻላል» ያልሽው በጣም አሳስቦኛል። እባክሽ አስተካክይው።

ሰው ከባሕር በታች በግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ያ ጋዝ ቀስ እያለ ካልወጣ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት መሬት ላይ ካለው ያነሰ ስለሆነ አደጋውን ያባብሰዋል። ስለዚህ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ አለበት። እኔ ግን 24 ሰዓት ጠብቁ ነው የምለው። ከሪዞርቱ ደሴት ወደ ዋና ከተማዋ ማሌ የሚያመላልሰው የባሕር አውሮፕላንም በረራ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

ሌላው፣ ሃኒፋሩ በሚባለው የማልዲቭስ የባሕር ወሽመጥ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ክልክል ነው። ማንታ የሚባሉት ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሦች እዚያ የሚሰበሰቡት ለመብላት ነው፤ በተለይ ከግንቦት እስከ ኅዳር። በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ክልከላውን እኔ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሰው ከሥር በአረፋ ሲረብሻቸው ምግባቸውን ጥለው ይሄዳሉ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ማሌን ዞሮ ለማየት ማዋል ይቻላል።