ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ለሥራ፣ ለንግድና ለሕዝብ አገልግሎት በሚውል ሕንፃ፣ ለእሳት ጥንቃቄ በግል መጠየቅ ያለበት አስተዳዳሪው ነው።»

ደጋፊ፦ ምኑ ያከራክራል? የጭስ ጠቋሚው ይሠራል? የእሳት ማጥፊያው ጌጅ (የግፊት መለኪያው) አረንጓዴው ላይ ነው? መውጫው ክፍት ነው? ይህን በስሙ የያዘ ሰው ከሌለ ሁሉም አይቶ ያልፋል።

ተቃዋሚ፦ ሕንፃ አስተዳድረው አያውቁም መሰለኝ። ጠዋት ያስጠረግኩትን ኮሪደር ተከራዩ ከሰዓት በካርቶን ይሞላዋል። እሳትና ጭስ እንዳያልፍ ራሱ እንዲዘጋ የተሠራውን የእሳት በር፣ ነፋስ ይግባ ብለው፣ በምን ደግፈው ከፍተውት አገኘሁ? በእሳት ማጥፊያው! ስንቱን ልከተል? የኋላ በሩንም ወደን አይደለም የምንቆልፈው፤ ዕቃ እየወጣ ነው።

ደጋፊ፦ ቆይ፣ ቆይ። የኋላ በሩ ይቆለፋል? እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ፣ ትራያንግል የተባለው ልብስ ፋብሪካ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዱ የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። ምክንያቱም የእርስዎው ነው፤ ሠራተኛ እንዳይሰርቅ። እሳት ተነሳና 146 ሰው አለቀ።

ተቃዋሚ፦ እኔን ከነዚያ ጋር? ይበሉ እንጂ! ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ስልክ ቢደወልለት ይከፍታል። ደግሞስ የፋብሪካው ባለቤቶች ፍርድ ቤት ነፃ እንዳላቸው ለምን ዘለሉት?

ደጋፊ፦ እሱን እስኪያነሱት ነበር የጠበቅኩት። ነፃ የወጡት በሩ በዚያ ሰዓት መቆለፉን ማወቃቸው አልተረጋገጠም ተብሎ ነው። እርስዎ ግን ይኸው በራስዎ አፍ አረጋገጡልን። ደግሞ ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1913 እንደገና በር ቆልፎ ተገኝቶ 20 ዶላር ተቀጣ፤ ሃያ! ጥበቃውስ ሽንት ቤት ቢሆን? ደረጃው በጭስ ተሞልቶ ሰው በሩን እየደበደበ ስልክ ቁጥር ይፈልግ? ከውስጥ ሲገፋ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ሲከፈት የሚጮህ መዝጊያ አለ። ሌባዎን ያጋልጥልዎታል።

ተቃዋሚ፦ ማን ይግዛው? ባለቤቱ በጀት የለም ይላል። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ የሚጠየቅ ካለ እሱ ይጠየቅ።

ደጋፊ፦ አሃ፣ አሁን ደግሞ ባለቤቱ ላይ ደረስን። እሱም ይጠየቅ፣ ማን ጠላ። በጽሑፍ አሳውቀውታል? ለማንኛውም ቁልፉን ለጥበቃው የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ለዚያ በጀት አያስፈልግም።

ተቃዋሚ፦ ደብዳቤው ከገባ ቆይቷል፣ የጠፋው መልሱ ነው። እርስዎ ደግሞ የኋላ በሩ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ እንጂ፣ ካርቶን ስለሚደረድረው ተከራይ እስካሁን ትንፍሽ አላሉም።