የኪራይ ቅጣት በተደበቀው ብር ልክ ይሁን

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲደረግ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተከራይ ሲጠብቀው የኖረ ሕግ ነው። ጥሰትን በስንት ወር ኪራይ እንቅጣ የሚለው ክርክር ግን ዋናውን ነገር ይስታል፤ የየትኛው ኪራይ?

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። ውሉ ላይ 8,000 ብር ተጽፎ ይመዘገባል። ተከራዩ የሚከፍለው 12,000 ነው፤ 8,000ው በባንክ፣ 4,000ው በእጅ። በ24 ወር ከመዝገብ ውጭ የተሰበሰበው 96,000 ብር ይደርሳል። አከራዩ ቢደረስበትና በተመዘገበው ኪራይ የ2 ወር ቢቀጣ፣ 16,000 ከፍሎ 80,000 ይተርፈዋል። እንዲህ ያለ ቅጣት የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው፤ ለቀጣዩ ተከራይ ኪራይ ላይ ይጨመራል። መጀመሪያ 96,000ው ለተከራዩ ይመለስ፤ ቅጣቱ ከዚያ በላይ ይታሰብ።

የእጅ ክፍያውን ከአከራዩ ሌላ የሚያውቀው ተከራዩ ነው። ቤት አጥቶ በደላላ ሲንከራተት የከረመ ሰው «እሺ» ብሎ ስለፈረመ ከአከራዩ እኩል ከተቀጣ፣ አፉን ይዘጋል፤ ምስክራችንን በገዛ እጃችን አጣን ማለት ነው። በእንግሊዝ የተከራይን ማስያዣ፣ ማለትም ለጉዳትና ላልተከፈለ ኪራይ ዋስትና ተብሎ የሚያዘውን ገንዘብ፣ በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደ አሠራር ያላስጠበቀ አከራይ፣ ከማስያዣው ከ1 እስከ 3 እጥፍ ለራሱ ለተከራዩ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ያዛል። ተከራዩ የሚናገርበት ምክንያት አለው።

በአንጻሩ በግቢዋ አንዲት ሰርቪስ ቤት የምታከራይ ጡረተኛ ውሏን በ40ኛው ቀን ይዛ ብትመጣ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላት በዚያው ቀን ትመዝገብ። ዘግይታም ቢሆን በራሷ የመጣችውን መቅጣት ሌላውን ጭራሽ እንዳይመጣ ያስፈራዋል። ተከራይ ለማስወጣት ውሃና መብራት የሚቆርጥ ግን ማስጠንቀቂያ አይገባውም፤ ሕፃን ያለበት ቤት ሦስት ቀን ያለ ውሃ አይቆይም። ቆጣሪው በዕለቱ እንዲከፈት ይታዘዝ፤ ባልከፈተበት ቀን ልክ ይቀጣ።

ቅጣቱ «እስከ ይህን ያህል» ተብሎ ብቻ ከተተወ፣ በዜሮና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ወረዳ ላይ መደራደሪያ ይሆናል። የመጀመሪያ ጥፋት፣ ድግግሞሽ፣ የቤቶቹ ብዛት፣ እያንዳንዱ ከነመጠኑ በሠንጠረዥ ይቀመጥ። ለእጅ ክፍያ ማስረጃ የሚሆነውም አብሮ ይዘርዘር፤ «ቀሪዋን 4 ሺህ ይዘህ ና» የሚል የስልክ መልእክት፣ በየወሩ በኪራይ ቀን ከባንክ የወጣ ተመሳሳይ ገንዘብ፣ ከዚያ ቤት ቀድሞ የለቀቀ ተከራይ ቃል።