ውጫሌን አልፈናል እኮ!

ዛሬ እንኳን ልተንፍስ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ነው የከረመው።

የእህቴን ልጅ ይዤ ወልዲያ ሄጄ ነበር። ልጁ ከተማ ያደገ ነው። ዓይኑ ያረፈበትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ ካላነበበ አይሆንለትም። ከአዲስ አበባ ወልዲያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ምን ሲያነብልኝ እንደዋለ ልንገራችሁ? «ጎሚስታ።» «ሆቴልና ሬስቶራንት።» «የፕሮጀክቱ ባለቤት፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ።» እንደገና «ጎሚስታ።»

ያቺን የፕሮጀክት ሰሌዳ ታውቋታላችሁ። ሁለት ሜትር ቱቦ ተቀብሮ የበር የሚያህል ቆርቆሮ ይቆምለታል። ማን አሠራው፣ ማን ሠራው፣ ስንት ብር ፈጀ፣ መቼ ያልቃል። ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳን ሰሌዳው ዓመታት ይቆማል። እሺ፣ ይቁም። ግን ለቱቦ ቆርቆሮ የተገኘላት አገር ለታሪክ ታጣለች?

ሸኖ አካባቢ ስንደርስ «ሰገሌ በዚህ በኩል ነው» አልኩት። «ሰገሌ ምንድን ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው መጥተው ከሸዋ ጦር ጋር የተዋጉበት ነው። ልጃቸው ኢያሱ ከሥልጣን ተሽሮባቸዋል። በአንድ ቀን ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ንጉሡም ተማረኩ። የአገሪቱ ዕጣ የዞረበት ቀን ነው። እኔ ከአውቶቡሱ መስኮት ያየሁት ግን የጤፍ ክምርና አንድ የሲሚንቶ ማስታወቂያ ነው። ልጁም የሲሚንቶውን አነበበልኝ።

ጣርማበር ላይ ዋሻው ውስጥ ገባን። የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው የተቦረቦረው። ረዳቱን «ስሙ ማነው?» ብለው «የሙሶሎኒ ዋሻ» አለኝ። ይኸው! ድንጋዩን በዶማ የፈለጡት ሰዎች የት ገቡ? ያ ሁሉ ሰው ደክሞ፣ እግሩ ረግጦት በማያውቀው ሰው ስም እንጠራዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ። ከደሴ ከወጣን በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ቦሩ ሜዳን አላየሁም፣ ሐይቅንም አላየሁም። ልጁ ግን አልተኛም። ከቤት ስንወጣ ጀምሮ «ውጫሌ ስንደርስ ንገረኝ» ሲለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተምሯታል፤ አንቀጽ 17ን በቃሉ ይወጣታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ማለቱ ነው። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው ነገር በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፣ ከዚያ አድዋ መጣ። በአንዲት ቃል ምክንያት ስንት ሰው አለቀ! ታዲያ መርሳ ደርሰን ቀሰቀሰኝና «ጋሼ፣ ውጫሌ መቼ ነው?» አለኝ።

አልፈናታል እኮ! ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ እየጠበቃት አልፈናታል። እንዴት ይወቃት? «የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚህ አካባቢ ነው» የሚል ዓይን የሚይዝ ነገር ከመስኮቱ አላየም። ውሉ የተፈረመው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ስፍራ ነው። ይህን የማያውቅ መንገደኛ በየት በኩል ይታጠፍ? ወይስ ወርዶ ጎሚስታውን ይጠይቅ?

ደግሞ ምልክት የተደረገለት ቦታም ብሶት አለው። ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ውስጥ የአርበኞች መታሰቢያ አለ። ቀረብ ብዬ እብነ በረዱን አነበብኩ። በትልቅ ፊደል ማን እንደመረቀው ተጽፏል፤ ማዕረጉ ብቻ አንድ መስመር ሙሉ ይዟል። ከሥር የተመረቀበት ቀን አለ። የሞቱትስ? «ለጀግኖች አርበኞቻችን።» በቃ። ስም የለ፣ መቼ የለ፣ በማን እጅ የለ። ሪባን የቆረጠው ሰው ስሙ ቀርቶለት አንገቱ የተቆረጠው ሰው «ጀግኖቻችን» ሆኖ ቀረ። አጥሩ ላይ ፍየል ታስሯል። ፍየሏንስ አልወቅስም፣ ሣሩ ጥሩ ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ስለ ማይጨው የተጻፈ ሰሌዳ አየሁ። «1936» ይላል። እ.ኤ.አ. የሚል የለበትም! በእኛ 1928 ዓ.ም. ነው። አንብቦ ያመነ ልጅ ጣሊያን አዲስ አበባን ለቆ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማይጨው ላይ ሊያዋጋን ነው። ከመስቀሉ በፊት አንድ የታሪክ አስተማሪ ቢያሳዩት ምን ነበረበት?

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። እኔ ሙዚየም ይገንባ አላልኩም። ሐውልትም አልጠየቅኩ። ሁለት ብረት፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አምስት መስመር። ጽሑፉን ካጣችሁት በነጻ ልስጣችሁ፦ «በዚህ አካባቢ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎና የሸዋ ሰው ተዋጋ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ተማረኩ።» ይኼ ስንት ያስከፍላል? ከፈለጋችሁ ከሥር በትንሹ አሠሪ፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ ብላችሁ ጻፉበት፣ አልቀየምም።

ስንመለስ ከወልዲያ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። በዚህኛው ዙር አልተኛሁም። ውጫሌ ልንገባ ስንል ልጁን ነቀነቅኩት። ዓይኑን እያሸ ተነሳና መስኮቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ይቺ ናት» አልኩት።

«የቱ ጋ?»

በጣቴ ወደ ውጭ አሳየሁት። ጨለማው ውስጥ መብራቱ የሚታይ አንድ ቤት ብቻ ነበር።

«ባንኩ ነው?» አለኝ።