ይድረስ ለ“በቅርቡ ይከፈታል” ታፔላ

ጉዳዩ፦ ምስጋናና ትንሽ ወቀሳ ስለማቅረብ

ክቡር ታፔላ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ፀሐዩስ እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ሳምንት ሳይዎት አረንጓዴ ቀለምዎ በግራ በኩል ተልጦ ዝገቱ ብቅ ብሏል፤ ከአራቱ ብሎኖችዎም አንዱ ወልቆ በሽቦ ተጠፍረዋል። አይዞዎት። ከድቧ ማቆያ ፊት ከተሰቀሉ ወዲህ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ተሹመው ተነስተዋል፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ተቀይሯል፣ የመግቢያ ዋጋ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። እርስዎ ንቅንቅ አላሉም። በዚህ መካነ አራዊት ከእርስዎ የበለጠ የሥራ ልምድ ያለው ኃላፊ የለም፤ አንቱ እያልኩ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው።

ለምን ለእኔ ጻፍክ ይሉኝ ይሆናል። ሌሎቹን ሞክሬ ነበራ! ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስሄድ በሩ ላይ ታናሽ ወንድምዎን አገኘሁት፤ “ስብሰባ ላይ ነን” ይላል። ቦርዱ ዘንድ ስሄድ “እኛ አቅጣጫ ነው የምናስቀምጠው፣ የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሥራ አስኪያጁ ነው” ተባልኩ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። “መሬቱም እንስሳቱም የከተማው ናቸው፤ የሚያስተዳድረው ግን ማኅበሩ ነው፣ እኛ ድጎማ ብቻ ነው የምንሰጠው” አሉኝ። ማኅበሩ ድጎማው አልተለቀቀም አለ። ድጎማውን የያዘው ክፍል ደግሞ “ያልለቀቅነው የሥራ ዕቅዱ ስላልቀረበልን ነው” አለ። ዕቅዱን የሚያቀርበው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ። እሳቸውስ የት ናቸው? ስብሰባ ላይ። ተመልሼ ከታናሽ ወንድምዎ ፊት ስቆም እግሬ ዝሎ ነበር፤ በዚያ ቀን የዞርኩትን ያህል ድቧም የዞረች አልመሰለኝም።

እርስዎ ግን እዚያው ነበሩ። ሁልጊዜም እዚያው ነዎት። ይቅርታ ሲጠይቁም አይደክምዎትም።

ጽሑፍዎን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ “ይህ ማቆያ ለእድሳት ተዘግቷል። በቅርቡ ይከፈታል። ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።” ልጅ ሳለን የአማርኛ መምህራችን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ ይሉን ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ እርስዎም ላይ ፈለግኩ። በሰዋስው ሕግ ባለቤቱ ማቆያው ነው። እንግዲህ ማቆያው ራሱን ዘግቶ፣ ራሱን አድሶ፣ ራሱን ሊከፍት ነው ማለት ነው! “እንጠይቃለን” ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ እዚህስ ቢያንስ “እኛ” የሚል ሰው ተገኘ ብዬ። እነማን እንደሆኑ ግን ስም የለም፣ ፊርማ የለም፣ ቀን የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የዚህ ግቢ አጥር ግን ንፋስ በመጣ ቁጥር ይነቃነቃል፤ ለመናቅም እኮ መጀመሪያ ባለቤቱ መታወቅ አለበት።

“በቅርቡ” የምትለዋን ደግሞ ልጄ ይመስክር። ያኔ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ “ድቧስ?” ሲለኝ ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ራሱ እየቆጠረ አነበበዎት፤ “መ-ጉ-ላ-ላ-ት” ላይ ትንሽ ተደናቀፈ እንጂ ጨረሰዎት። ፊደል የቆጠረው በእርስዎ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲጨርስ ቀና ብሎ “አባዬ፣ እንጠይቃለን ያለው ማን ነው?” አለኝ። እኔም ስብሰባ ላይ ነኝ ልለው ምንም አልቀረኝም።

እሱ ወደ ዝንጀሮዎቹ ሲሮጥ እኔ ከኋላዎ ባለው ቆርቆሮ ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጀርባዎን ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ድቧ የትም አልሄደችም። ውጭ የነበራት ሜዳ ስለተዘጋ ሌሊት የምታድርባት ክፍል ውስጥ ቀንም ሌሊትም ውላ ታድራለች። ሰባት እርምጃ ትሄዳለች፣ ግድግዳው ጋ ስትደርስ አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች፣ ሰባት እርምጃ ትመለሳለች። ስትዞር ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ሲሚንቶው መዳፏ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ በዱር ሰፊ አገር የሚያካልሉ ሥጋ በል እንስሳት ማቆያ ውስጥ ሲገቡ ከሌሎቹ ይልቅ እንዲህ እንደሚመላለሱ አሳይቶ ነበር። ለዋልታ ድብ የሚሰጣት ማቆያ፣ በዱር ቢያንስ ከምታካልለው ስፋት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው ይላል። የእኛዋ የዋልታ ድብ አይደለችም፣ ቡናማ ናት፤ ቢሆንም ከዚያች ሚሊዮንኛ ላይ ደግሞ ለእድሳት ተቀንሶባታል። ታዲያ ይቅርታ የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ። የተጉላላሁት እኔ ነኝ፤ የአምስት ደቂቃ ፎቶ ቀርቶብኛል።

አንዲት ተንከባካቢ ባልዲ ይዛ ስትገባ ዓይኔን ከቀዳዳው ላይ አየችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ በያዘችው አሮጌ ጎማ ውስጥ የፖም ቁራጭ እየወሸቀች (ድቧ ፈልጋ እንድታወጣውና ጥቂት ደቂቃ መመላለሱን እንድትረሳ ነው) “ወንድሜ፣ አንተም ልታድሰው መጣህ?” አለችኝ። እድሳቱ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። “የውሃ መውረጃው ተደፍኗል” አለች።

“ሌላስ?”

“ሌላ ምን ይኖራል? ቧንቧ ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት ላይ እጽፈዋለሁ።”

ክቡር ታፔላ፣ ሰምተዋል? እርስዎን ያህል ግርማ ሞገስ ያለው ታፔላ፣ ሦስት ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ቦርድ፣ አንድ ማኅበርና አንድ ማዘጋጃ ቤት የቆሙት ለአንድ የተደፈነ ቧንቧ ነው። ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ሁሉ በጀት ያገኛል፤ ለውሃ መውረጃ ሪባን የቆረጠ ከንቲባ ግን እስካሁን አላየሁም። ፓንዳ ቢሆን ኖሮ! ፓንዳ ከቻይና በኪራይ ነው የሚመጣው፤ ለአንድ ጥንድ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር እየተከፈለ፣ ብዙ ጊዜም ለ10 ዓመት ውል ተገብቶ። ለፓንዳ አቀባበል ሲሆን ስብሰባው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሮ ይገኛሉ፣ የከተማው ሹማምንትም በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ። ከፎቶው ጀርባ ያለው ቧንቧ ጉዳይ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይተላለፋል።

አጥር ካነሳን አይቀር በአሜሪካ ያለውን የሳን ፍራንሲስኮ መካነ አራዊት ታሪክ ላጫውትዎት። እዚያም ባለንብረቱ ከተማው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ግን ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በ2007 በፈረንጆች ገና ዕለት አንዲት የሳይቤሪያ ነብር ከማቆያዋ ወጥታ የ17 ዓመት ወጣት ገደለች፣ ሁለት ጓደኞቹንም አቆሰለች። ዓመት አስቀድሞ ያችው ነብር የተንከባካቢዋን ክንድ ነክሳ ነበር። የመካነ አራዊቱ ዳይሬክተር የማቆያው ግድግዳ ቁመት ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ በመጀመሪያ አምስት ሜትር ተኩል ያህል አሉ። ቆይቶ ሲለካ 3.8 ሜትር ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ መካነ አራዊት የሙያ ማኅበር ይመክር የነበረው 5 ሜትር ነው። ግድግዳው እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ ተደብቆ አያውቅም፤ የሚያስፈልገው ሜትር የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልብ ይበሉ፣ ያ መካነ አራዊት የሙያ ማኅበሩ ዕውቅና ነበረው፤ በሩ ላይ የእርስዎ ዘመድ የሆነ የሚያምር ሰሌዳ ሳይኖረው አይቀርም።

በዚያው አገር በኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ደግሞ ከግብር ከፋዩ ድጎማ የሚያገኝ አንድ ትልቅ መካነ አራዊት አለ። አለቆቹ የመካነ አራዊቱን ቤቶች ዘመዶቻቸው እንዲኖሩባቸው አድርገው፣ የመዝናኛ ቲኬቱንም ለቤተሰብ ሲያድሉ ተደረሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት የሙያ ማኅበሩ ዕውቅናውን ነጠቀ፤ ለማስመለስ እስከ 2023 ፈጀ። አለቆቹም ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ። ይህን ስሰማ፣ መቼም አይፍረዱብኝና፣ ቀናሁ። ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገር ነዋ! እገሌ ሰረቀ፣ እገሌ ተከሰሰ፣ እገሌ አመነ። የእኛ ቢሆን “ተሰርቋል፤ በቅርቡ ይመለሳል” ተብሎ ከእርስዎ ጎን ይሰቀል ነበር።

አለቆች ሲጣሉስ? የኢንዶኔዥያው የሱራባያ መካነ አራዊት በአመራር ጠብ ለዓመታት ሲናጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ቀጭኔ ሞተ። ሆዱ ሲከፈት ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ፕላስቲክ ተገኘ፤ ጎብኚ የጣለውን መጠቅለያ እየለቀመ ሲበላ ኖሯል። 20 ኪሎ ላስቲክ በአንድ ቀን አይበላም። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው የሚባለውን ልጠቅስልዎት አስቤ ነበር፤ ዓሣዎቹ ጋ ሄጄ ላረጋግጥ ብል እሱም ለእድሳት ተዘግቷል።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልግባ። ክቡር ታፔላ፣ ጥፋትዎ ትሕትናዎ ነው። ባልሠሩት ጥፋት ይቅርታ እየጠየቁ የሠሩትን ሰዎች አስተኝተዋቸዋል። አንድ ጎብኚ ተናዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እርስዎን ነው፤ “ይቅርታ እንጠይቃለን” ሲሉት ንዴቱ ይበርዳል፣ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጅቦቹ ያልፋል። እርስዎ ባይኖሩ ያ ሰው ቢሮ ይሄድ ነበር። አንድ መቶ ሰው ቢሮ ቢሄድ፣ ስብሰባውም ቢሆን አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። ተንከባካቢዋ በየሳምንቱ የምትጽፈውን ሪፖርት የሚያነብ የለም፤ የእርስዎን ጽሑፍ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያነብልዎታል። ያን ሁሉ አንባቢ ይዘው አንዲት እውነት ቢጽፉ ምን ነበረበት? “የውሃ መውረጃው ተደፍኗል” ቢሉ፣ የተደፈነበትን ቀን ቢያስቀምጡ፣ ከስር ደግሞ ቧንቧውን የማስጠገን ሥልጣን ያለውን ሰው ስም ቢጨምሩ? በግራ ጎንዎ የተላጠው ቦታ ለአንድ ስም ይበቃል። እኔው ራሴ ማርከር ይዤ መጥቼ ነበር፤ ግን የማንን ስም ልጻፍ?

አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። “እጠይቃለሁ” ነው ያልኩት፤ ማን እንደሆንኩም ከታች ጽፌያለሁ።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ። እስካሁን ከጻፍኩላቸው ሁሉ፣ ቢያንስ እርስዎ አንድ ጊዜ ጽፈው ያውቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቆርቆሮው ቀዳዳ ያጮለቀው የልጁ አባት

ግልባጭ፦
ለድቧ (ሰባተኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ በስተግራ)