ወላጅ ሲወድቅ ወደ ቫይታሚን መሮጥ

ዕድሜያቸው የገፋ እናት ወይም አባት ድንገት ሲወድቁ፣ ልጆች ቶሎ ትዝ የሚላቸው ቫይታሚን ነው። «ዲ አንሷቸው ይሆናል» ይባላል፣ እንክብሉ ይገዛል፣ የሁሉም ልብ ያርፋል። እኔን ይህ ችኮላ አይመቸኝም። ቫይታሚንና ሚዛን ይገናኛሉ፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ችግሩ ከቫይታሚኖቹ ስሙ የገነነው ዲ፣ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ደግሞ ቢ12 መሆኑ ነው።

ዲ በጣም ሲያንስ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ይዝላሉ። ሰውየው ከወንበር ለመነሳት በእጁ መደገፍ ይጀምራል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ቆዳም ሲያረጅ ከፀሐይ የሚሠራው ዲ እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲህ ያለ እጥረት ያለበት ሰው ይታከም። ሳይጎድል መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ከ2 ሺህ በላይ ሴቶች መካከል ለግማሾቹ በዓመት አንዴ 500 ሺህ ዩኒት ዲ ሰጥቶ ነበር። መውደቅና ስብራት ይቀንሳል ተብሎ ነው የተጀመረው። ዲ የወሰዱት ግን ካልወሰዱት 15 በመቶ ያህል አብዝተው ወደቁ። ስብራቱም ጨመረ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በቀን 2 ሺህ ዩኒት ተሞከረ። እሱም መውደቅን አልቀነሰም።

ቢ12ን ብዙ ሰው አያነሳውም። እግራችን የት እንዳረፈ ሳናየው የምናውቀው፣ መልእክቱ በህብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል በኩል ወደ አንጎል ስለሚወጣ ነው። ቢ12 ሲጎድል ይህ መስመር ይጎዳል። ብርሃን ካለ ዓይን ያግዛልና ሰውየው ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ሲጨፍን ነው፤ ወዘወዝ ይልና መታጠቢያውን ይይዛል። ሌሊት በጨለማ ሽንት ቤት ሲሄድም ግድግዳ ግድግዳውን ነው። ሐኪም እግር ገጥመህ ቁም፣ ዓይንህን ጨፍን የሚለው ይህንኑ ለማየት ነው።

ደም ማነስ የለም ተብሎ መዘናጋትም አይገባም። ነርቩ ደሙ ሳይነካ ሊጎዳ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከተወሰደ ደግሞ ደሙን ያስተካክልና የነርቩን ጉዳት ይሸፍነዋል። ሕክምናው ከዘገየ የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል።

ምግቡን በደንብ የሚበላ ሰውም ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። በዕድሜ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ቫይታሚኑ ከምግቡ በደንብ አይላቀቅም። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንና የጨጓራው ኦሜፕራዞልም ለዓመታት ሲወሰዱ ያሳንሱታል። እነዚህን የሚወስድ ሰው እግሩ ከደነዘዘ ወይም መንገዳገድ ካመጣ፣ የቢ12 ምርመራ ይደረግልኝ ቢል መብቱ ነው። መድኃኒቱን በራሱ ማቆም ግን የለበትም።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የእግርን ስሜት ነርቭ ይጎዳል። ሁለት ሦስት ዓይነት «ማጠናከሪያ» የሚደራርቡ ሰዎች ይህን አያስቡትም።

መውደቅን በመቀነስ በደንብ የተመሰከረለት የእግርና የሚዛን ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ ስፖርት መውደቅን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ወንበር ይዞ በተረከዝ መነሳት፣ ሳይደገፉ መቀመጥና መነሳት፣ ብቻ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ። እንክብል መግዛት ስለሚቀል ነው መሰለኝ፣ ይህን የሚያሠራቸው ልጅ ብዙም አላይም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወላጆቻችሁ የሚውጡትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ጭምር፣ ሰብስባችሁ ሐኪሙ ፊት አስቀምጡት። የእንቅልፍ ኪኒን ካለ፣ ወይም ብድግ ሲሉ የደም ግፊታቸውን የሚጥል መድኃኒት ካለ፣ ጥያቄው ከዚያ ይጀምር።